ማን በለጠህ?

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ያለውን የእንጦጦ አቀበት የተያያዘ ሰው ሦስት ዓይነት መንገደኛ ያጋጥመዋል። ሯጮች አሉ። ገመዳቸውን በወገባቸው ጠምጥመው ለቅጠልና ለጭራሮ የሚወጡ፣ ረፋድ ላይ የራሳቸውን ክብደት የሚያህል ሸክም አዝለው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ሦስተኞቹ እኛ ነን፤ ሐኪም "ተንቀሳቀሱ" ያለን፣ ወይም ሐኪም እስኪለን ያልጠበቅን፣ ቱታ ለብሰን ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዘን ሽቅብ የምናለከልክ የከተማ ሰዎች። (ሦስተኞቹ ያልኩት ደረጃ ለመስጠት አይደለም። ይህን ማስታወቅ ማስፈለጉ ራሱ የጽሑፌን ጉዳይ ሳይናገር አይቀርም።)

ስንጀምር ሦስት ነበርን፤ የአንድ ሰፈር ሰዎች፣ የአንድ ዕድር አባላት። የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ደስ ይል ነበር! ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጆቻችን፣ በሕይወት ስለሌሉ የሰፈር ሰዎች እያወራን ስንወጣ የመንገዱን ማለቅ የምናውቀው ከተማዋ ከእግራችን ሥር ተዘርግታ ስናያት ነበር። ኋላ አንዱ ጓደኛችን እርምጃ የሚቆጥር ስልክ ገዛ። በሳምንቱ ሁለተኛው ገዛ። እኔም ለካ ስልኬ ድሮም ይቆጥር ኖሯል፤ የማላውቀው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ወሬያችን "ዛሬ ስንት ደቂቃ ወሰደብህ?" ሆነ፤ ቀጥሎም ወሬው ራሱ ቀረ። እያወሩ መውጣት ጊዜ ይወስዳላ! ሁልጊዜ ኋላ የሚቀረው ጓደኛችን አንድ ቅዳሜ "ጉልበቴን አሞኛል" ብሎ ቀረ፣ በዚያው ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ሾላ ገበያ ውስጥ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ፣ ጉልበቱ ምንም ሳይሆን አየሁት። እሱም አየኝ። ሁለታችንም ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን።

የመውጣቱ ደስታ ከጠፋ በኋላ ነው ሯጮቹን ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት። በባሕር ዛፎቹ መካከል በአንድ መስመር፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ከኋላ ያለው ዓይኑን ከፊተኛው ተረከዝ ላይ አያነሣም። ፊተኛው ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያመለክታል፤ ምልክቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጨረሻው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ትንሽ ቆይቶ ፊተኛው ገለል ይልና ሌላው ይመራል። ሚካኤል ክራውሊ የሚባል፣ ራሱም ማራቶን የሚሮጥ እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት አዲስ አበባ ውስጥ ከሯጮቻችን ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ፣ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ እነሱ መጽሐፍ አሳትሟል። ካስገረሙት ነገሮች አንዱ ብቻውን ልምምድ የሚሠራ ሯጭ በጓደኞቹ ዘንድ በደግ ዓይን አለመታየቱ ነው። ጉልበት በጋራ የሚገነባ፣ በጋራም የሚባክን ነገር ነው ብለው ያምናሉ። እንግዲህ እነዚህ ናቸው የውድድር ሰዎች የሚባሉት። እንጀራቸው ከመቅደም የሚገኝ፣ ኋላ መቅረት ማለት ባዶ እጅ መግባት የሆነባቸው ሰዎች። እነሱ ተያይዘው ይሮጣሉ፤ ምንም ሽልማት የማይጠብቀን እኛ ባለቦርጮች ግን በእነሱው መንገድ ላይ እንተናነቃለን።

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. አቴንስ የተካሄደውን የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ያየ ሰው አይረሳውም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ካገኛቸው ወርቆች ላይ ሦስተኛ ለመጨመር የገባው የተረከዝ ጅማቱ እየታመመ ነበር። በሩጫው መካከል ኃይሌ ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምር ከፊት የነበሩት ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስሕን ዞር ዞር እያሉ አዩት፤ እንዲደርስባቸውም ፍጥነታቸውን ቀነሱ። በኦሎምፒክ ፍጻሜ! እኛ ቴሌቪዥን ፊት የተኮለኮልን ልጆች "ሂዱ! ሂዱ!" ብለን እንጮህ ነበር። መጨረሻ ላይ ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን፣ ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ነሐሱን ወሰዱ፤ ኃይሌ 5ኛ ሆነ። ያን ዕለት የጮህኩትን ጩኸት ዛሬ ሳስበው ትንሽ ያሳፍረኛል።

ውድድርን ጠልቼ አይደለም። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው ወንበር ገልብጫለሁ። የዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ እንኳ አንደኛና ሁለተኛው የተለያዩት ከዚያ በሰፋ ልዩነት ነው። ግን ያ ሩጫ መነሻ ነበረው፣ መድረሻ ነበረው፣ ዳኛና ሰዓት ነበረው። 25 ዙር፣ ከዚያ አለቀ። ሁለቱ ሰዎች ወዳጆች ሆነው ቀጠሉ። አባቶቻችንም ፉክክር የማያውቁ አልነበሩም፤ ጉግሱ፣ ትግሉ፣ ፉከራው ሁሉ የእኛው ነው። ይሁን እንጂ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለው ወሰን አበጁለት። ሎሌ ጌታውን ቅልጥሙን በገና ቢመታው በዚያ ቀን፣ በዚያ ሜዳ ላይ ነው። ሲመሽ ጨዋታው አለቀ።

የእኛን ውድድር ግን የሚያስቆመው ምሽት የለም። ቴሌቪዥኑን ተዉት፤ ከኢትዮጵያ አይዶል እስከ ባላገሩ አይዶል፣ ከዚያም እስከ ፋና ላምሮት ዘፋኝ ያለ ዳኛ መስማት አቅቶናል፤ ቢሆንም እሱ ቢያንስ ውድድር ነኝ ብሎ የመጣ ነው። ሌላው ነው የሚከፋው። ሠርግ ውድድር ከሆነ ቆይቷል፤ እንደማያዛልቅ እያወቀ ተበድሮ የደገሰ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ጥር 12 የካ ሚካኤል ሲገባ ምእመኑ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ እያነሣ የሚያነጥፈው በፍቅር ነው፤ ወጣቶቹ ያንን ከባድ ጥቅል ጠቅልለው ሲሮጡ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ግን ከጎኔ ቆሞ የነበረ አንድ ጎልማሳ ባለፈው ጥምቀት "የእኛ ይረዝማል፣ የእነሱ ያጥራል" እያለ ክንድ በክንድ ሲያነጻጽር ሰምቼዋለሁ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ለቅሶ ነው። ከቀብር ስንመለስ "ስንት ሰው ነበር እኮ!" እንላለን። ማጽናኛ መስሎን ነው። በቀደም አንዲት እናት ልጃቸውን ቀብረው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጡ፣ አንድ ሰው ቀረብ ብሎ "የእርስዎ ልጅ ለቅሶ ከእነ እከሌ ይበልጣል" አላቸው። እናትየው ምንም አልመለሱም፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ሰውየው ግን መልካም ነገር የተናገረ መስሎት ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

"የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል" የሚለውን ተረት ልጅ ሳለሁ አይገባኝም ነበር። አሁን በየቀኑ በውስጡ አልፋለሁ። የሰፈራችን ቅያስ መግቢያ ላይ ሁለት ግቢዎች ፊት ለፊት አሉ። አንደኛው አጥሩን በብሎኬት ሲያስነሣ ሌላኛው አንድ ረድፍ ጨመረ፤ ያኛው ሁለት። በመካከላቸው ያለው የመንገድ መብራት ከተቃጠለ ግን ዓመት አልፎታል። አምፖሉ ከአንድ ረድፍ ብሎኬት ይረክሳል። ነገር ግን የገዛው ሰው ለሌላውም ማብራቱ ነው!

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ፤ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው።

እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንበላለጠው በአንድ ዓመት ነው። እናታችን አብረን እንድንሄድ ብላ አንድ ላይ አስመዘገበችን፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን። ያኔ የተማረ ሰው ሁሉ ካርዱን ያስታውሰዋል፦ ድምር፣ አማካይ፣ ጠባይ፣ ደረጃ። መምህሩ የሁሉንም ውጤት ሮስተር ላይ ደምሮ፣ ክፍሉን ከአንደኛ እስከ መጨረሻው በተርታ አሰልፎ፣ እያንዳንዱን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ይጽፈዋል። ሰኔ 30 ሰልፍ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ስማቸው ተጠርቶ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፤ ሌላው ያጨበጭባል። የአራተኛ ክፍል ካርዳችን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እኔ ከ72 ተማሪ 2ኛ። ወንድሜ ከ72 ተማሪ 51ኛ።

አባባ መነጽሩን አድርጎ ካርዴን ከላይ እስከ ታች አነበበና "ማን በለጠህ?" አለኝ።

ነገርኩት። መጽሐፉን በፌስታል ይዞ የሚመጣ፣ እናቱ ጉሊት የምትቸረችር ልጅ ነበር። በዚያ ልጅ ላይ ለአራት ዓመት ቂም ያዝኩ። ጥፋቱ ሒሳብ ማወቁ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሲታመም ደስ ብሎኛል፤ ይህን እዚህ መጻፍ ይከብዳል፣ ግን ደስ ብሎኛል። አብረን ብናጠና ኖሮ ሁለታችንም የት በደረስን ብዬ ያሰብኩት ጎልምሼ ነው። የእኔ ካርድ ግድግዳው ላይ ከቀን መቁጠሪያው ጎን ተሰቀለ። የወንድሜ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ወንድሜ በዚያ ዕድሜው የሰፈሩን ቴፕና ራዲዮ ፈትቶ ይገጥም ነበር፤ እትዬዎቹ ሁሉ "ያንን ልጅ ላኩልን" ይላሉ። አባባ ይልከዋል፤ ሲመለስ ግን "ምኑ ተበላሽቶ ኖሯል? እንዴት ሠራኸው?" ብሎ የጠየቀበትን ቀን አላስታውስም። ለቴፕ ደረጃ የሚሰጥ ካርድ አልነበረማ።

እዚህ ላይ አንባቢ "ያ 51ኛ የወጣው ወንድም ዛሬ ባለፎቅ ሆኖ ሁለተኛውን ጋዜጠኛ ቀጥሮ ያሠራዋል" ብዬ እንድጨርስ ጠብቆ ይሆናል። እንዲህ ያለ ታሪክ እንወዳለን። የክፍሉ መጨረሻ ዛሬ ቱጃር፣ የክፍሉ አንደኛ ዛሬ ታክሲ ተሰላፊ! ለልጆች ማጽናኛ ብለን እናወራዋለን። እኔ ግን ከቁጥሩ ያልወጣ ማጽናኛ ሆኖ ነው የሚሰማኝ፤ መድረሻውን ትንሽ ገፋ አድርገነው ነው እንጂ አሁንም "ማን በለጠ?" ነው የምንለው። ወንድሜ ባለፎቅ አይደለም። ሾላ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠግናል፤ ልጆቹን ያሳድጋል፤ አንዳንድ ወር ይተርፈዋል፣ አንዳንድ ወር አይተርፈውም። እንደ እኔው።

ስለ ደረጃ ሳስብ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ትዝ ይለኛል። ጥር 2015 ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገር አስደነገጠ። ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያ ሰሞን ሻይ ቤቱ ሁሉ "ከፍተኛው ስንት ነው? የማን ትምህርት ቤት ነው?" ይል ነበር። እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። አንድም ተማሪ ባላለፈባቸው በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በየክፍሉ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ነበረ። በየዓመቱ ስማቸው ተጠርቷል፣ ተጨብጭቧል፣ ወላጅ እልል ብሏል፣ ካርድ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያ ሁሉ ደረጃ እውነት ነበር፤ ማንም አላጭበረበረም። አንደኛው በእርግጥ ሁለተኛውን በልጦት ነበር። ልጆቹ ምን ያህል ያውቃሉ የሚለውን ግን ደረጃው አልነገረንም፤ እኛም ደረጃውን ካየን በኋላ አልጠየቅንም።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ። ባለፈው የካቲት ልጄ የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ካርዷን ይዛ መጣች። ሁለተኛ ክፍል ናት። አማካይ 91.4፣ ከ48 ተማሪ 7ኛ። ወንድሜ ምጣዳችን ተበላሽቶ ሊሠራ መጥቶ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ካርዱን ተቀበልኳት፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩና ከአፌ የወጣው ቃል የእኔ አልነበረም፤ ድምፁም የእኔ አልመሰለኝም።

"ማን በለጠሽ?"

ልጄ በጣቶቿ እየቆጠረች ስድስት ስም ጠራች። ወንድሜ ካቻቢቴውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ሽቦው አቀረቀረ።

በሳምንቱ ማታ የቤት ሥራ ስታሠራት እናቷ ላጲሷ ሁለት ቦታ ተቆርጦ አየች። ልጄ ገመሱን ሁልጊዜ አብራት ለምትቀመጠው ጓደኛዋ ታውሳት ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ቁራጭ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። "ለምን?" ስትላት፣ "እሷ ሦስተኛ ናት፤ አጥፍታ ካስተካከለች ትበልጠኛለች" አለቻት። ባለቤቴ ይህንን ስትነግረኝ ፊቴን ማየት አልፈለገችም።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ጓደኞቼን ትቼ ወንድሜንና ልጄን ይዤ ወጣሁ። መንገዱንም ቀየርን፤ በየካ በኩል፣ ዋሻ ሚካኤል ወደሚባለው ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ ወደተሠራው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። ጣሪያው ከተደረመሰ ዘመን የለውም፤ ትውፊት ለአብርሃ ወአጽብሓ ይሰጠዋል። ልጄ ከፊት ከፊት እየሮጠች፣ እኛ ከኋላ እያዘገምን ስንሄድ ስለ ላጲሱ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። አንዲት ሴት ሸክሟን መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አሳርፋ፣ ለመነሣት ጓደኛዋ ገመዱን ከኋላ ስታነሣላት ወንድሜ ሄዶ አገዛቸው። ተመልሶ መጣና መንገዱን እያየ፣

"አራተኛ ክፍል ሁለተኛ የወጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? አባባ 'ማን በለጠህ?' አለህ።"

"አዎ።"

"አንተ ያለቀስከው ለዚያ ነው። እኔ ደግሞ የአንተ ሲያልቅ የእኔን ይጠይቀኛል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ ነበር። ሃምሳ ስም አጥንቼ ነበር እኮ!" ሳቀ። "አልጠየቀኝም። ካርዱን አጠፈና መሳቢያው ውስጥ ከተተው።"

ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ጥቂት እስኪቀረን ድረስ አንድ ጣሪያ ሥር አድረናል፤ ያን ቀን ቆሞ ይጠብቅ እንደነበር አልነገረኝም፤ እኔም ዞር ብዬ አላየሁትም። ከዛፎቹ መካከል የእግር ኮቴ ተሰማና አሥር የሚሆኑ ሯጮች በአንድ መስመር አለፉን። የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ ወደ መሬት አመለከተ፤ ከፊታችን ወንድሜ ሊረግጠው የነበረ ጉድጓድ ነበር።

ልጄ አቀበቱ ጫፍ ላይ ያለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥታ እጇን ዘርግታ "አንደኛ!" ብላ ጮኸች። ወንድሜ እንደ ልጅ እየሮጠ፣ ነጠላ ጫማው እየተንጣጣ ድንጋዩ ላይ ደረሰና "ሁለተኛ!" አለ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነበር፤ ግን ትንፋሼ አልወጣ አለ፤ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። እስክደርስ ጠበቁኝ።